ቶርኖውን ልግዛ ወይስ ልደግስ?

የዛሬው ጉዳያችን ከወደ ደቡብ ምዕራብ፣ ከቡናው አገር ነው የመጣው። ነገሩ የፍቅርም ነው፣ የገንዘብም ነው፣ የእንጨትም ነው። «የእንጨት ደግሞ ምን ማለት ነው?» እንዳትሉኝ፤ እስቲ ጉዱን ስሙት።

ደብዳቤውን የጻፈው የሚዛን ተፈሪ ልጅ ነው። ከተማዋ ከአማን ጋር ተዋሕዳ ሚዛን አማን ከተባለች ቆየች፤ እሱ ግን እንደ ብዙው ሰው «ሚዛን» ብቻ ነው የሚላት። ዕድሜው 26 ነው። በሰው እንጨት ሥራ ቤት ተቀጥሮ በርና አልጋ ይሠራል። ደብዳቤውን በእጁ ጽፎ፣ በስልኩ ፎቶ አንስቶ ነው የላከልኝ። አሳጥሬ ላቅርበው፦

«እኔና እጮኛዬ 2 ዓመት ሙሉ ዕቁብ ስንጥል ቆይተን ዘንድሮ ዕጣው ወጣልን። ገንዘቡ ለጥር ሠርጋችን ነበር የታሰበው። እኔ ግን በቀደም አዲስ አበባ ሄጄ አንድ የእንጨት ቶርኖ አየሁና ልቤ እዚያው ቀረ። ትልቁ አይደለም፣ መጫወቻ የሚመስለው ትንሹም አይደለም፤ መካከለኛው ነው። ከገንዘባችን ከ3 እጅ 2ቱን ይወስዳል። የረከቦት እግር፣ በርጩማ፣ ሙቀጫ፣ የእንጨት ሳህን፣ የጠረጴዛ እግር፣ የአልጋ ምሰሶ እሠራበታለሁ። እጮኛዬ መጀመሪያ ሠርጉ ትላለች። እናቷ ደግሞ ልጄን ለአናጢ መስጠቴ ሳያንስ ድግሱንም እንጨት ሊበላው ነው ወይ ብለው ተቆጥተዋል። ሻጩ ዋጋው ሳይጨምር ቀብድ ክፈል ይለኛል። ምን ትመክረኛለህ?»

እዚህ ላይ አበቃ ብዬ ልዘጋው ስል ከግርጌው በሌላ እጅ የተጻፈ ነገር አየሁ።

«ማሽኑን አልጠላሁትም። ከዕቁቡ ግማሹን የጣልኩት ቡና አፍልቼ እየሸጥኩ ነው። እኔን ሳይጠይቅ ቀብድ ሊከፍል ነበር። ይቺንም መልስለት።»

በሉ እንግዲህ! ደብዳቤውን ሳይልከው በፊት አስነብቧታል ማለት ነው። ለዚህ ብቻ አንድ ነጥብ ሰጥቼዋለሁ።

ለማታውቁት፣ ቶርኖ ማለት እንጨቱን በሁለት ጫፉ ወይም በአንድ ጫፉ ይዞ የሚያሽከረክር ማሽን ነው። ሠራተኛው መሮውን ብረት ላይ አስደግፎ ወደሚሽከረከረው እንጨት ሲያስጠጋ እንጨቱ እየተላጠ ክብ ይወጣዋል። ስሙ እንደ ኩሽኔታና እንደ ቺንጋ ከጣሊያንኛ የቀረ ነው። እኔ ደግሞ ከዚህ የበለጠ አላውቅምና ከመመለሴ በፊት ዕድሜያቸውን በቶርኖ ላይ ወደ ጨረሱ አንድ ሽማግሌ ባለሙያ ዘንድ ሄድኩ። ደብዳቤውን አነበብኩላቸው።

«ወረቀቱ ላይ የማሽኑ ልክ ተጽፏል?» አሉኝ። ተጽፏል። ሞተሩ 1 የፈረስ ጉልበት፣ የሚይዘው እንጨት ስፋት እስከ 30 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመት እስከ 45 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 50 ኪሎ ገደማ።

«በል ንገረው» አሉ። «የጠረጴዛ እግር 70 ሳንቲ ሜትር አልፎ ይሄዳል። 45 ላይ ምኑን ሊያስገባው ነው? የአልጋ ምሰሶውንማ ተወው!»

ወንድሜ፣ ሰማህ? ገና ሳትገዛው ከዕቅድህ ውስጥ ሁለቱ ወደቁ። ለአንዳንዱ ማሽን ማስረዘሚያ ለብቻው ይሸጣል፤ ይኼ ሌላ ወጪ ነው። የቀሩት ግን፣ የረከቦት እግር፣ የበርጩማ እግር፣ የቡና ሙቀጫና ሳህን፣ ሁሉም በዚያ ማሽን ይሠራሉ። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ማሽኑ ጥሩ ነው ወይ?» አይደለም። «ሚዛን ላይ ሰው ገዝቶ የሚወስደው የትኛውን ነው?» የሚለው ነው። ረከቦትና በርጩማ ከሆነ ማሽኑ ይበቃሃል። አልጋና ጠረጴዛ ከሆነ ግን የተሳሳተ ማሽን ላይ ነው ልብህ የቀረው።

ይህን ጥያቄ ማን ይመልሰዋል? ሻጩ አይመልሰውም። እኔም አልመልሰውም። አጠገብህ ያለች፣ ቀኑን ሙሉ ረከቦት ፊት ተቀምጣ የምትውል ሰው አለችህ! የረከቦቷ እግር ሲሰበር የት ነው የምታሠራው? ስንት ቀን ጠበቀች? ምን ያህል ከፈለች? እንደሷ ቡና የሚያፈሉ ስንት ሴቶች ታውቃለች? በሚዛንና በቴፒ የቡና ጠጪ እጥረት የለም፤ የዩኒቨርሲቲውም ተማሪ በሁለቱም ከተሞች አለ። አንተ ስለ ፈረስ ጉልበት ስታስብ እሷ ደንበኞችህን በስም ታውቃቸዋለች። ታዲያ እሷን ሳትጠይቅ ቀብድ መክፈል ምን ይሉታል?

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ሽማግሌው የነገሩኝን እንዳለ ላስቀምጠው። «ማሽኑን የገዛ ሰው ግማሹን ነው የገዛው» ይላሉ። ለምን ቢባል፣ የአናጢ መሮ ለቶርኖ አይሆንም። ረጅም እጀታ ያለው፣ ጠንካራ ብረት የሆነ የራሱ መሮ አለው። ቢያንስ 5 ዓይነት ያስፈልጋል፦ ማዕዘኑን አንስቶ ክብ የሚያደርገው ሰፊው፣ ጎድጓዳው፣ ሰያፉ፣ መቁረጫውና መፋቂያው። ሳህንና ሙቀጫ ለመቦርቦር እንጨቱን በአንድ ጫፍ የሚይዝ ባለ አራት ጥፍር መያዣ ይጨመራል። መሮው በጠንካራ እንጨት ላይ በደቂቃዎች ውስጥ ይዶለዱማልና በኤሌክትሪክ የሚዞር መሳያ ድንጋይ የግድ ነው። የብርጭቆ ወረቀት፣ የፊት መከለያ፣ የአቧራ መከላከያ... ይኼ ሁሉ ተደምሮ የማሽኑን ዋጋ ግማሽ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሊደርስ ይችላል።

አሁን አስላው። ገንዘባችሁን 3 እጅ እንበለው። ማሽኑ 2 እጅ ወሰደ። መሣሪያው የማሽኑን ግማሽ ማለትም 1 እጅ ወሰደ። ቀረ? ምንም! እንጨት በምን ትገዛለህ? ሠርጉስ? ሰው መኪና ገዝቶ ቤንዚን ሲያጣ አይተን ስቀናል፤ ይኼም ያው ነው።

«ዋጋው ይጨምራል» ለሚለው ሻጩ አልዋሸም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ በኋላ ባንክ ውስጥ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ጊዜ ከ100 ብር አልፏል። ከውጭ የሚመጣ ማሽን ደግሞ ከዶላር ጋር ነው የሚወጣው። ፍርሃትህ ይገባኛል። ነገር ግን ከ3 ወር በኋላ ትንሽ ጨምሮ የተገዛና በየቀኑ የሚሠራ ማሽን፣ ዛሬ በርካሽ ተገዝቶ ላስቲክ ከለበሰ ማሽን ይሻላል።

ደግሞ ሙሉውን በእጅ መክፈል ብቻ አይደለም መንገዱ። የካፒታል ዕቃ ኪራይ የሚባል አሠራር አለ። አዋጁ በ1990 ዓ.ም. ወጥቶ (ቁጥር 103)፣ በ2005 ዓ.ም. ተሻሽሏል (ቁጥር 807)። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ማሽኑን ኩባንያው ይገዛውና ያከራይሃል፤ በየጊዜው እየከፈልክ ስትጨርስ የራስህ ማድረግ ትችላለህ። ቅድመ ክፍያውና ወለዱ እንደየ ኩባንያው ይለያያል። ከተማህ ያለው የኢንተርፕራይዝ ጽሕፈት ቤት ሄደህ ጠይቅ፤ መጠየቅ አያስከፍልም።

ሦስተኛው ነገር መብራት ነው። 1 የፈረስ ጉልበት ማለት 750 ዋት ገደማ ነው፤ የተለመደው የ220 ቮልት መስመር ይበቃዋል፣ ስሪ ፌዝ አይጠይቅም። ጥያቄው የፍጥነት መቀየሪያው ላይ ነው። አሁን አሁን የሚመጡት መካከለኛ ማሽኖች ብዙዎቹ ፍጥነታቸውን በኤሌክትሮኒክስ ነው የሚቀይሩት፤ ቁልፍ ማዞር ብቻ ነው፣ ሲያዩት ያምራል። መብራት ሲዋዥቅ ግን ቀድሞ የሚቃጠለው እሱ ነው። ከተቃጠለ ደግሞ መለዋወጫው አዲስ አበባ ነው፣ ያውም ከተገኘ፤ ከሚዛን ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ! ቺንጋውን ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው እያዛወሩ ፍጥነት የሚቀይሩበት አሮጌው ዓይነት አድካሚ ቢሆንም የትኛውም መካኒክ ይጠግነዋል። ኩሽኔታውም ላይ ቁጥር አለ፤ ሻጩን አስከፍተህ ቁጥሩን ጻፍ። እንደ 6205 ያለ የተለመደ ቁጥር ከሆነ መለዋወጫ ሱቅ ታገኘዋለህ።

ዝቅተኛውን ፍጥነትም ጠይቅ። እንጨቱ በሰፋ ቁጥር ዝግ ብሎ መዞር አለበት። 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የረከቦት እግር በደቂቃ 2,000 ዙር ቢዞር ችግር የለም። 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሳህን ግን ከ500 እስከ 750 ዙር ይበቃዋል፤ ገና ያልተስተካከለ ከሆነ ከዚያም በታች። ዝቅተኛ ፍጥነቱ 800 የሆነ ማሽን «30 ሳንቲ ሜትር ይይዛል» ቢልህ በወረቀት ላይ ነው እንጂ በሥራ ላይ አይደለም። የሚወረወር እንጨት ደግሞ ይቅርታ አያውቅም።

አራተኛ፣ እንጨቱ ራሱ። «ጫካ መሃል ነው ያለሁት፣ እንጨት ምን ጠፋ?» ትለኝ ይሆናል። ቀስ በል! ዋንዛ ለቶርኖ የተፈጠረ ይመስላል፤ ሆኖም በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ (ቁጥር 94) ዋንዛን፣ ዝግባን፣ ኮሶንና ጥድን ከመንግሥት ደን መቁረጥን ከልክሎ ነበር። አሁን የሚሠራበት ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1065/2010 ነው። የካፋ ደን በ2002፣ የሸካው ደግሞ በ2004 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ተብለው ተመዝግበዋል። ስለዚህ ግንድ በሌሊት የሚያመጣልህን ሰው በርህን አትክፈትለት። ደረሰኝና የማጓጓዣ ፈቃድ የሌለው እንጨት ኬላ ላይ ሲያዝ አንተንም ይዞ ነው የሚሄደው።

ይልቅ አንድ ነገር ልጠቁምህ። ያረጀ ቡና ሲጎነደል ግንዱ ወዴት ይሄዳል? ብዙው ለማገዶ ነው። የቡና እንጨት ጠጣር፣ ነጣ ያለና ልስልስ ብሎ የሚወጣ ነው። ቀጭን ስለሆነ ለሳህን አይሆንም። ለረከቦት እግር፣ ለዘነዘና፣ ለማማሰያ፣ ለመሮ እጀታ ግን ይሆናል። የቡና ዕቃ ከቡና እንጨት ተሠርቶ ብታቀርብ ቡና የሚጠጣ እንግዳ ዝም ብሎ የሚያልፍህ አይመስለኝም። ችግሩ ሲደርቅ መሰንጠቁ ነው። እንደተቆረጠ ሁለቱን ጫፍ ድፈነው። በምን? አገርህ የማር አገር አይደለም እንዴ! ሰፈፉን አቅልጠህ ቀባው። ከዚያ ጥላ ሥር፣ ከመሬት ከፍ አድርገህ ደርድረው።

ትዕግሥትም ያዝ። እንጨት ለ2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ያህል መድረቂያ ይፈልጋል ይባላል፤ እንደ ሚዛን ዝናቡ በማይጠፋበት አገር ደግሞ ሊረዝም ይችላል። ሳህን የሚሠሩት ብልሃት አላቸው፦ በእርጥቡ ወፈር አድርገው፣ የስፋቱን አንድ አሥረኛ ያህል ግድግዳ ትተው ይቦረቡሩትና ለወራት ያቆዩታል፤ ሲጣመም ተጣሞ ከደረቀ በኋላ መልሰው ያስተካክሉታል። ያም ሆነ ይህ ዛሬ የገዛኸው እርጥብ ግንድ ለገና ገበያ አይደርስልህም። እስከዚያ የሚያበላህ ሌላ ሥራ ሊኖርህ ይገባል።

የመጨረሻው እጅህ ነው። እስካሁን ቶርኖ ላይ ቆመህ ታውቃለህ? በደብዳቤህ ውስጥ ይህን ፈልጌ አጣሁት። ሽማግሌው የተናገሩት አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። «አንዷን እግር ማንም ያወጣታል። ሙያው አራቱን ማመሳሰል ነው። እኔ አንዷን በ10 ደቂቃ አወጣለሁ፤ እሱ መጀመሪያ ሰዓት ይፈጅበታል፣ ከዚያ ረከቦቱ ይነቀነቃል፣ ገዢዋ ትመልስበታለች።» ከመጠምጠም መማር ይቅደም ያሉት አባቶቻችን ለዚህ ነው። ቶርኖ ያለው ሰው ጅማም ቢሆን ፈልግ። ለጥቂት ሳምንት ከሥራ በኋላ በነፃ አገልግለው፣ ወይም በሰዓት ከፍለህ ተለማመድ። ስትቆም ደግሞ እጅጌህ የተሰበሰበ ይሁን፣ ጓንት አታድርግ፣ የአንገት ማተብህን ወደ ውስጥ አስገባ። የሚዞር ነገር የያዘውን አይለቅም።

አሁን ለእማማ አንድ ቃል ልበል። እናቴ ሆይ፣ እጅ ሥራን መናቅ እኛ አገር አሮጌ በሽታ ነው። አፄ ምኒልክ እንኳ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አውጥተው ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ አለፈው፤ እኛ ግን ዛሬም ተቀምጦ ብድር የሚጠይቀውን «ቢሮ ገባ» ብለን እንድራለን፣ ቆሞ የሚሠራውን «አናጢ» ብለን እናማለን። ልጅዎን የሚጎዳት የእንጨት ሥራው አይደለም። በአንዱ ነገር ግን እውነት አለዎት፤ ገንዘቡ ለአንድ ጉዳይ ተሰብስቦ ለሌላ ሊውል ሲል መቆጣት ያባት ነው።

እህቴ፣ ወደ አንቺ ልመለስ። ያነሳሽው ነገር ከማሽኑ ይበልጣል። አንድ ነገር እወቂ። በ1992 ዓ.ም. በወጣው የተሻሻለው የፌዴራል ቤተሰብ ሕግ መሠረት ተጋቢዎች ሲጋቡ በእጃቸው የነበረው ንብረት የየግላቸው ሆኖ ይቀራል፤ በጋብቻ ውስጥ ያፈሩት ነው የጋራ የሚሆነው። ማሽኑ ከሠርጉ በፊት በእሱ ስም ብቻ ከተገዛ፣ ከጀበናሽ የወጣው ግማሽ በወረቀት ላይ አይታይም። ክፉ ይመጣል ብዬ አይደለም፤ ግን የረሳ እንዳይረሳ፣ ያልረሳም እንዳይጠረጠር ነው። እንግዲህ ወይ ደረሰኙ በሁለታችሁ ስም ይጻፍ፣ ወይ ሰማንያችሁን ከፈረማችሁ በኋላ ይገዛ። ይኼን ለማለት ደግሞ አትፈሪ።

ፍርዴ እንዲህ ነው። ወንድሜ፣ ዛሬ አትግዛ፤ ግን አትተወው። አሁን ጥቅምት ነው፣ ቡናው እየተለቀመ ነው፣ የቡናው ብር በየቤቱ ሲገባ ሰው ዕቃ ይገዛል። እስከ ጥር 3 ወር አላችሁ። በዚህ ጊዜ አራት ነገር አድርጉ፦

አንደኛ፣ እጮኛህ ቡና ከሚያፈሉት ጓደኞቿ እውነተኛ ትእዛዝ ትሰብስብ። «ጥሩ ነው፣ በርቱ» የሚለው አይቆጠርም፤ ትንሽም ቢሆን ቀብድ የከፈለች ብቻ ትቆጠር። ሁለተኛ፣ አንተ በሰው ቶርኖ ላይ የማይነቀነቅ ባለ አራት እግር ረከቦት ሠርተህ ለእሷ ስጣት፤ ትፈትነው። ሦስተኛ፣ የመሮውንና የመያዣውን፣ የእንጨቱንም ዋጋ ጨምራችሁ ሒሳቡን በአንድ ወረቀት ላይ አስፍሩ፤ ከወጪው ሁሉ በኋላ የ3 ወር መኖሪያ ካልተረፈ ማሽኑ ለጊዜው ከአቅማችሁ በላይ ነው። አራተኛ፣ የኪራዩን መንገድ ጠይቁ።

አራቱ ከተሟሉ፣ ጥር ላይ ዘመድ ሰብስባችሁ ሰማንያችሁን ፈርሙ፤ አንድ በግ፣ አንድ ጋን ጠላ፣ እማማም በክብር ተቀምጠው ይመርቁ። ከዚያ ቶርኖውን ግዙ፣ የሁለታችሁ ሆኖ። ካልተሟሉ ደግሞ ማሽኑ ይቆይ፤ ገንዘቡ እጃችሁ ላይ ነው፣ አልጠፋም። ሻጩ ግን «ዛሬ ካልከፈልክ» ካለህ ሳቅ በልና ውጣ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

በነገራችን ላይ፣ ሽማግሌው ልወጣ ስል ጠርተውኝ አንድ መልእክት ሰጥተውኛል። «ልጁን እንዲህ በለው፦ መጀመሪያ የሠራውን እግር እንዳይሸጠው፣ ቤቱ ያስቀምጠው። በዓመቱ አይቶት ካልሳቀ አልተማረም ማለት ነው።»

ሚዛኖች፣ ጥር ላይ የደረሳችሁበትን ጻፉልኝ፤ ሁለታችሁም፣ በአንድ ወረቀት። እናንተም አንባብያን፣ ዕቃ ገዝታችሁ የተጸጸታችሁ ወይም ያተረፋችሁ ካላችሁ ገጠመኛችሁን ላኩልን። እስከ ሳምንት ቸር እንሰንብት!